የባሕር ጎመን ለእትዬ ዘርፈሽ

ግንቦት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ መቱ

ዛሬ እኅቴን፣ እትዬን፣ ጎሬ ለሐኪም ወስጄ አሳየኋት። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ጡቷን ሲመረምር ቆየና «ልብስዎን ይልበሱ እናቴ» ብሎ እኔን በክንዴ ይዞ ወደ ኮሪደር አወጣኝ። በሩንም ዘጋው። እብጠቱ ደስ አይልም አለ። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ተቆርጦ ወጥቶ መመርመር አለበት፣ ሰኔ ሳያልቅ ብትደርሱ ጥሩ ነው አለና ወረቀት ጻፈልኝ። የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። «ሊሆን ይችላል» ነው ያለው። ነው አላለም። ልብ ብዬ ነው የሰማሁት።

ስመለስ እትዬ ነጠላዋን ለብሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። «ምን አለህ?» አለች።

«ደም አንሷታል አለኝ።»

«እሱን ለመናገር ነው በር የሚዘጋው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ለታማሚ ፊት ለፊት አይነገርም። እንዲህ ነው ያደግነው። ለእሱ ደስ ደስ የሚለው ይነገረዋል፣ ሌላውን ቤተሰብ ይሸከመዋል። እኛ ቤት ቤተሰብ ማለት እኔ ነኝ። ታናሻችን ምንዳዬ ሌኒንግራድ ነው።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር ከተማሪዎች የፈተና ወረቀት ክምር ሥር ነው የማስቀምጠው። እትዬ የትምህርት ቤት ወረቀት አትነካም፤ «የመንግሥት ነው» ትላለች።

ቀኑን ሙሉ ዩኒፎርም ስትሰፋ ዋለች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲቋረጥ እደነግጣለሁ፤ መልሶ ሲጀምር እረጋጋለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ምንዳዬ አራት። እትዬ ሃያ አልሞላትም። በዚያች መኪና አሳደገችን። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባት «ልጆቼን ሳላደርስ የትም አልሄድም» ብላ መለሰች። ልጆቼ የምትለው እኛን ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆንኩ፣ ምንዳዬን መንግሥት ሩሲያ ላከው፣ እሷ እዚያው መኪናዋ ላይ ቀረች።

እማዬንም ለሕክምና ብለን ነው አዲስ አበባ የላክናት። አብራት የሄደችው እትዬ ናት። ሁለት ሆነው ሄደው እትዬ ብቻዋን ተመለሰች። ከአውቶቡስ ስትወርድ የእማዬን ጫማ በእጇ ይዛ ነበር። አዲስ አበባ ሲሉኝ እስከ ዛሬ ፊቴ የሚመጣው ያ ጫማ ነው።

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ከምንዳዬ ደብዳቤ መጣ! ከፋሲካ በፊት ስለ እብጠቱ ጽፌለት ነበር። የመድኃኒት ኬሚስትሪ ነው የሚያጠናው። አስተማሪው በሰሜን በኩል ካለ ቀዝቃዛ ባሕር የሚወጣ ቡናማ አረም ይመረምራሉ። ሩሲያኖች የባሕር ጎመን ይሉታል፤ መድኃኒት ቤት በካርቶን ይሸጣል። ከአረሙ ውስጥ ፖሊሳካራይድ ያወጣሉ፤ በረጅሙ የተያያዘ የስኳር ሰንሰለት ማለት ነው። ይህንኑ ሰንሰለት ዕጢ ላለባቸው አይጦች ሰጥተው የብዙዎቹ ዕጢ እድገቱን ቀነሰ። ደግሞም ዝገት ብረትን እንደሚበላ ሰውነታችንን ከውስጥ የሚበላ ነገር አለ፣ ይኸው አረም ያንንም ይከላከላል ይላል። አንድ ጥቅል ልኬአለሁ ብሏል። ስለ እንቅርትም የሆነ ነገር ጽፏል፣ አዮዲን ስላለው። እሱ እኛን አይመለከትም።

ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ፤ ከድሮም እንዲሁ ነው። የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬቷ ከማርያም ሥዕል ጎን በመስታወት ተሰቅሏል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከልክ ደብተሯ በቀር ስታነብ አይቻት አላውቅም። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ዕጢ የሚለውን «እብጠት»፣ ካንሰር የሚለውን «ሕመም» እያልኩ አነበብኩላት። አንድ አንቀጽ ዘለልኩ። ምንዳዬ ልጅ ነው፣ ይቸኩላል።

ስጨርስ መኪናዋን አቆመች። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«አጠር አለሳ።»

«ሩሲያ ወረቀት አይገኝም መሰለኝ» አልኳት።

ግንቦት 18፣ ሐሙስ

አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ካርቦሃይድሬት ሳስተምር ሳላስበው ባሕር ውስጥ ገባሁ። አረሙን ሥዬ፣ ሰንሰለቱን ሥዬ፣ አይጦቹን ሁሉ ሣልኩ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። አንዱ «ቲቸር፣ ቀይ ባሕራችን ላይ አይገኝም ወይ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው አልኩት። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ እጇን አውጥታ «አይጦቹ በመጨረሻ ተረፉ?» አለች።

የዛሬውን ጨርሰናል አልኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ሰዓቴን ሳይ ለደወል ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

ግንቦት 26፣ ዓርብ

ጥቅሉ መጣ። የፖስታ ቤቱ ጋሼ ዲንቃ እፊቴ ካልተከፈተ አልሰጥም አሉ። ከፈትነው። አምስት ካርቶን፣ ውስጡ የደረቀና የተጨማደደ ጥቁር ቡናማ ነገር። አሸተቱት።

«ትምባሆ ነው?»

«የባሕር ጎመን ነው ጋሼ። መድኃኒት ነው።»

«ከሩሲያ ድረስ ጎመን? የኢሉባቦር ጎመን ምን በደለህ?»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ አሸተተው። በመጨረሻ ጋሼ ዲንቃ «የወዳጅ አገር ጎመን ነው፣ ይለፍ» ብለው ማህተም መቱበት። ወደ ቤት በሩጫ ነው የሄድኩት፤ የሠላሳ ዓመት ሰው፣ ከረባት ያሰረ አስተማሪ፣ በጭቃ።

ግንቦት 27፣ ቅዳሜ

በምንዳዬ ወረቀት መሠረት አረሙ ይዘፈዘፋል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፤ ውሃው ጠዋትና ማታ በብርጭቆ ይጠጣል። ይህን ሳልነግራት ገበያ ወጣሁ። ስመለስ እትዬ አንዱን ካርቶን ከትፋ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት አቁላልታዋለች።

«ጎመን ነው አላልክም?» አለች።

ደረቁ ነገር ውሃ ሲያገኝ አብጦ አብጦ የድስቱን ክዳን አንስቶታል። ጎረቤታችን ዲሪቤ ምድጃው አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ዲሪቤ ከሁሩሙ ማር እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት፤ እንቅርቷን ለመሸፈን በጋ ከክረምት አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ ነው የምትሄደው።

«አካም ጅርቱ፣ መምህር?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ቀመስ አድርጋ ለእትዬ «ጨው አበዙበት» አለቻት።

«እኔ ምን አውቄ! ባሕሩ ነው ያበዛው» አለች እትዬ።

እኔ ግን ተቆጣሁ። ለስድስት ሳምንት አብቃቅቼ የደለደልኩት መድኃኒት ነው! ጮህኩባት። እትዬን ስቆጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ዲሪቤ ቀስ ብላ ወጣች። እትዬ ማማሰያውን አስቀምጣ አየችኝ።

«ወንዴ፣ ይህን ያህል ደም አንሶኛል እንዴ?»

ተቀምጬ አንድ ሳህን የባሕር ጎመን በእንጀራ በላሁ። ሳሙና ሳሙና ይላል። «ይጣፍጣል» አልኳት።

ሰኔ 4፣ ቅዳሜ

ሳምንት ሆነን። ጠዋት ጠዋት እኔ አፍልቼ እሰጣታለሁ። ዓይኗን ጨፍና እንደ ኮሶ ትጨልጠዋለች። የማታውን እኔ ውይይት ክበብ ስለምሆን ራሷ ትጠጣለች፤ ስመጣ ብርጭቆው ታጥቦ ተደፍቷል። ዲሪቤ አብራት ታመሻለች። ጥሩ ነው፣ ብቻዋን አትሆንም።

ሰኔ 9፣ ሐሙስ

ፈተና አወጣለሁ። ዝናብ። የሐኪሙ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ፈተናው ይለቅና።

ሰኔ 13፣ ሰኞ

እብጠቱ የቀነሰ ይመስለኛል። አላየሁትም፣ መጠየቅም ነውር ነው፣ ግን ፊቷ ወዝ አለው። ትናንት ለዲሪቤ ቀሚስ ስትለካ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

የልክ ደብተሯ ተከፍቶ ስለነበር አየሁት። የሰዎች ስም፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ዘ» ብላ ሥሩ በየሳምንቱ ቀን ጽፋለች፦ 3፣ 3፣ 3 ተኩል፣ 4። የአዝራር ቀዳዳ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትልቅ አዝራር ማን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም።

ሰኔ 20፣ ሰኞ

የሐዋርያት ጾም ገባ። እትዬ ብርጭቆውን ይዛ «ይህ ነገር ከባሕር ነው የወጣው። ጎመን ነው ብዬ ልጠጣ ወይስ ዓሣ ነው ብዬ ልተው?» አለች።

«ተክል ነው» አልኳት።

«አንተ አስተማሪ ነህ እንጂ ቄስ አይደለህ። ንስሐ አባቴን ልጠይቅና እጠጣለሁ።»

ለመንኳት። ተንበርክኬ ነው ማለት ይቻላል። ለቀልድ ብላ የጀመረችው ነገር ነበር፤ ፊቴን ስታይ ቀልዱን ተወችና ጠጣችው። ከዚያ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ እንደምታደርገው ፀጉሬን አስተካከለችው።

እንደ እሷ የምወደው ሰው የለኝም። ይህን ለእሷ ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ልጻፈው።

ሰኔ 28፣ ማክሰኞ

የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረ መስቀል ጠራኝና «እኅትህ ሄደች እንዴ?» አለኝ። ሁሩሙ ገበያ ዩኒፎርም ልትሸጥ የምትሄደውን ማለቱ መስሎኝ «ቅዳሜ ነው የምትሄደው» አልኩት። «እግዜር ይማራት» አለ፤ ከዚያ ሰው መኖሩን አስታውሶ «ማለቴ፣ ድል ለሰፊው ሕዝብ» አለ። ለገበያ ምን ምሕረት ያስፈልጋል? ሰውዬው እያረጀ ነው።

ሰኔ 30፣ ሐሙስ

ሰኔ አለቀ። ሐኪሙ «ብትደርሱ ጥሩ ነው» ነው ያለው።

ሐምሌ 5፣ ማክሰኞ

ሁለተኛ ደብዳቤ ከምንዳዬ። ቤት አልወሰድኩትም፤ መምህራን ክፍል ብቻዬን አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ወንድሜ፣ ለምን ዝም አልክ? አዲስ አበባ ወሰድካት? ባለፈውም ጽፌልሃለሁ። ይህ ገና የአይጥ ነገር ነው። አስተማሪዬን ስለ እትዬ ስጠይቃቸው ‹የራሴ እኅት ብትሆን መጀመሪያ ለቀዶ ሐኪም ነው የምሰጣት› ነው ያሉኝ፤ ሃያ ዓመት አረሙን የመረመሩት ሰው። የላክሁልህ ባዶ እጄን መሆን ስላቃተኝ ነው። መድኃኒት ነው ብለህ እንዳትጠብቅበት። እባክህ።»

እንግዲህ የዘለልኩት አንቀጽ ይኸው ነበር፣ በሌላ ቃል። አሁን ጻፍኩት።

ደግሞ ከበደሌ የመጣ ሹፌር የያዮ መንገድ ጭቃ ሁለት ቀን አሳደረን ብሎ ሲያወራ ሰማሁ። በዚህ መንገድ የታመመ ሰው ይዞ መሄድ አይሆንም። መስከረም ሲጠባ ይሻላል። ሁለት ካርቶን ይቀረኛል። ደብዳቤውን እዚህ ደብተር ውስጥ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ፈሪ።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

ዲሪቤ ዛሬ ሻሽ ሳታደርግ መጣች። አንገቷን በግልጽ ያየሁት ገና ዛሬ ነው፤ ሰው እንደሚያወራው ትልቅ አይደለም። «ቀለለኝ» እያለች እትዬን ታስዳብሳታለች። ሁለቱም እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። የሴቶች ወሬ ነው። ስትወጣ እትዬን «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለች ሁለት ጊዜ አመሰገነቻት። ለቀሚሱ ይሆናል።

ሐምሌ 11፣ ሰኞ

ነገ ለመሠረተ ትምህርት ቁጥጥር ኡካ እሄዳለሁ። ሦስት ቀን። ገበሬው ምን ያህል ማንበብ እንደቻለ አይቼ ሪፖርት አደርጋለሁ። ለእትዬ መድኃኒቱን ለክቼ በየብርጭቆው አስቀምጫለሁ።

ሐምሌ 13

ይድረስ ለወንድሜ ለወንድይራድ። ከኡካ ስትመለስ ታገኘዋለህ። የምጽፈው በአንተ እስክሪብቶ ነው። እጄ መርፌ የለመደ ስለሆነ ፊደሌ ቢጣመም አትሳቅ።

የመንግሥት ወረቀት አልነካሁም። ከሥሩ ያለው ግን የአንተ ነው ብዬ አነበብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጽሑፍህ አስቸጋሪ ነው። አስተማሪ ነህ፣ አስተካክል።

ጎሬ ሐኪሙ በሩን ሲዘጋ ገብቶኛል። ለእማዬም እንደዚሁ ነበር የዘጉት። ያን ጊዜ ኮሪደር የቆምኩት እኔ ነበርኩ። «ደም ማነስ ነው» ያልኳትም እኔ ነኝ። ወንዴ፣ ያንኑ ቃል ከየት አመጣኸው?

የምንዳዬን ደብዳቤ ያነበብክልኝ ዕለት ትምህርት ቤት ስትሄድ ደግሜ አነበብኩት። የዘለልከውን አንቀጽ መጀመሪያ አገኘሁት፤ ስትደርስበት ድምፅህ ተንቀጥቅጦ ነበር። ማንበብ እችላለሁ። አንተ ስታነብልኝ ደስ ስለሚልህ ነው የተውኩህ። እኔም ደስ ይለኛል። ካሁን በኋላም አንብብልኝ፣ ግን አትዝለል።

የጠዋቱን መድኃኒት የጠጣሁት ለአንተ ነው። የማታውን ዲሪቤ ጠጣችው። ምንዳዬ ለእንቅርት ነው ብሎ ጽፎ የለ? እንቅርቷ ጎድሏል። ስለዚህ ጎመንህ ከንቱ አልቀረም። አትቆጣ።

በልክ ደብተሬ ላይ ያየኸው ዘርፈሽ ናት። እብጠቱ አሁን አራት ተኩል ሴንቲ ሆኗል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ብል የገባበትን ጨርቅ ሳልቆርጥ ሰፍቼ አላውቅም። የሐኪሙን ወረቀት ኮትህን ስተኩስ አገኘሁት። ጓድ ገብረ መስቀል የአዲስ አበባ የይለፍ ወረቀት ከፈረመልኝ ሃያ ቀን ሆነ። የአንተም ስም አለበት።

ታዲያ ለምን አልሄድሽም ትለኝ ይሆናል። አንደኛ፣ አንተ ሳትነግረኝ ጥዬህ ብሄድ ዕድሜ ልክህን ራስህን ትወቅሳለህ። ሁለተኛ፣ እኔም ፈርቻለሁ። የእማዬን ጫማ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ያንን ማየትህን ሳነብ አለቀስኩ። ነጠላ ውስጥ መጠቅለል ነበረብኝ። ልጅ ስለነበርክ አታይም ብዬ ነው።

ስለዚህ ያዘገየኸው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ተካፍለናል። «ፈሪ» ብለህ የጻፍከውን ሰርዤዋለሁ። የጻፍከው በራስህ ላይ ከሆነ ልክ አይደለም። በእኔ ከሆነ አላውቅም።

አውቶቡሱ ሰኞ ነው። ዩኒፎርሞቹን ጨርሻለሁ። ጫማዬን ወልውልልኝ፣ ይዤው ሳይሆን አድርጌው ነው የምመለሰው።

ዘርፈሽ ወልደሰንበት።

ሐምሌ 14፣ ሐሙስ

አነበብኩት። ኡካ ላይ አንድ ሽማግሌ ስማቸውን ጽፈው ሲያሳዩኝ አጨብጭቤ ነበር።

ወጥቼ እሷ ዘንድ ሄድኩ። ጨርቅ ታጥፋለች። ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «በል ተነሳ፣ ክር ላይ ተቀምጠሃል» አለችኝ። ከዚያ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ጫማዋን ወለወልኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ሐምሌ 19፣ ማክሰኞ፣ በደሌ

ያዮ ላይ አውቶቡሱ ተቀረቀረ። ወንድ ሁሉ ወርዶ ገፋ። እትዬ በመስኮት ሆና «አስተማሪውን ከፊት አድርጉት፣ መዘግየት ይችልበታል!» ስትል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ዲሪቤ ያስያዘችን ማር ፈስሶ ቦርሳዬን አበላሸው። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንዴት እንደሆነ እኔም አልገባኝም።

ሐምሌ 27፣ ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። አራት ሰዓት ተኩል። ጫማዋን ሰጡኝ። ወለል ላይ አስቀመጥኩት፣ በእጄ አልያዝኩትም።

ስምንት ሰዓት። ወጣች። ትተነፍሳለች። «ዲሪቤ መድኃኒቷን እየጠጣች ነው?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ

የምርመራው ውጤት ዛሬ ደረሰ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ መጣ። በዕድሜ የገፋ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። እትዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የአጠገቧን ታማሚ የተቀደደ ጋቢ ትጠግናለች። ዶክተሩ ፈገግ አለላት፣ ከዚያ እኔን በክንዴ ይዞ «አንዴ ወደ ውጭ» አለኝ።

እስከ በሩ ድረስ ተከተልኩት። እጁ በሩን ሊዘጋ እጀታው ላይ ነበር።

«ዶክተር» አልኩት፣ «ለእሷ ይንገሯት። እኔም እዚያው ሆኜ እሰማለሁ።»

አየኝ። «እርግጠኛ ነህ? እንደዚህ አልተለመደም።»

«አውቃለሁ።»

ተመልሰን ገባን። እትዬ መርፌዋን ጋቢው ላይ ሰካችና ጠጋ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘች።

«ቀስ ብለው ይንገሩን ዶክተር» አለች፣ «ወንድሜ ይደነግጣል።»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱንም ዘረጋው። አብረን ሰማነው።